ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይዶች ተገጣጥመው ለሥራ የሚበቁት እንዴት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ክትባትና ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት በአማርኛ ብዙ ተጽፏል። ከቆዳችን እስከ አንጀታችን ሌት ተቀን የሚሠሩት ጥቃቅን ፔፕታይዶች ግን ስማቸው እንኳ እምብዛም አይነሳም። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በአንድ ነገር ላይ ያተኩራሉ፤ እነዚህ ሞለኪውሎች ከነጠላ ቁራጭነት ተነሥተው ቀዳዳ፣ ቦይ፣ መረብ ወይም ክር የሚሆኑበት መንገድ ላይ። የሰውነትን መከላከያ ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ርዕስ አለ ብዬ አላምንም።

ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይድ ምንድን ነው?

አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት አጭር ሞለኪውል ፔፕታይድ ይባላል። ሰንሰለቱ ሲረዝም ፕሮቲን እንለዋለን። ፀረ ተሕዋስያን የሚባሉት ፔፕታይዶች በአብዛኛው ከ12 እስከ 50 አሚኖ አሲዶች ያሏቸው ሲሆኑ ባክቴሪያን፣ ፈንገስንና አንዳንድ ቫይረሶችን ይገድላሉ ወይም ሥራ ያስፈታሉ። ዕፅዋት ያመርቷቸዋል፣ ነፍሳት ያመርቷቸዋል፣ እኛም እናመርታቸዋለን። እስካሁን ተለይተው የተመዘገቡት ከ3000 በላይ ናቸው።

በ1981 ስዊድናዊው ሐንስ ቦማንና ባልደረቦቹ ከአንድ ትልቅ የእሳት ራት ዝርያ ሴክሮፒን የተባሉትን ፔፕታይዶች አግኝተው አሳወቁ። በ1985 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ጋንዝ፣ ማይክል ሴልስትድና ሮበርት ሌረር ከሰው ነጭ የደም ሕዋሳት የለዩአቸውን ፔፕታይዶች ዴፈንሲን ብለው ሰየሟቸው። በ1987 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው ማይክል ዛስሎፍ አንድ ነገር ያስገርመው ነበር። ለምርምር ቀዶ የሰፋቸው የአፍሪካ ባለጥፍር እንቁራሪቶች ንጹሕ ወዳልሆነ ውሃ ሲመለሱ ቁስላቸው ሳያመረቅዝ ይድናል። ምክንያቱን ሲፈልግ ከቆዳቸው ማጋይኒን የተባለውን ባለ 23 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ አገኘ።

ከአንቲቦዲ በምን ይለያሉ?

በፍጥነታቸውና በዒላማቸው። ሰውነት ለአዲስ ወራሪ የሚስማማ አንቲቦዲ ለማዘጋጀት ቀናት ይፈጅበታል። ፔፕታይዶቹ ግን ቀድመው ተሠርተው በሕዋሳት ውስጥ ይጠብቃሉ፤ ወይም አደጋ ሲመጣ በሰዓታት ውስጥ ይመረታሉ። አንቲቦዲ አንድን የተወሰነ ቅርጽ ለይቶ ሲይዝ እነርሱ ብዙ ባክቴሪያዎች የሚጋሩትን ባሕርይ፣ በተለይም የሽፋናቸውን ጠባይ፣ ያነጣጥራሉ።

«መገጣጠም» ሲባል ምን ማለት ነው? አንዱ ብቻውን አይበቃም?

አይበቃም። አንድ የባክቴሪያ ሕዋስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ይሆናል። ከእነዚህ ፔፕታይዶች ረጅም የሚባለው ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ቢለካ እንኳ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ማለትም ባክቴሪያው በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል። አንድ ፔፕታይድ ሽፋኑ ላይ ቢያርፍ ምንም አያመጣም። ብዙዎቹ ሲሰባሰቡ ግን አንዱ ብቻውን የሌለው ችሎታ ይወለዳል። ውሃና ጨው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ወይም ባክቴሪያውን የሚተበትብ መረብ ይዘረጋል።

ይህ መሰባሰብ አዲስ ጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር አይጠይቅም። በአሉታዊና በአዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል መካከል ያለው መሳሳብ፣ ውሃን የሚሸሹ ጎኖች እርስ በርስ መደበቃቸውና የሃይድሮጅን ትስስር በቂ ናቸው። እነዚህ ኃይሎች በተናጠል ደካማ ስለሆኑ አካባቢው ሲለወጥ መዋቅሩ ሊፈርስ ይችላል። በእኔ አስተያየት የሥርዓቱ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ሰውነት ፔፕታይዶቹ የት፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚሰባሰቡ በመወሰን ብቻ ጉልበታቸውን ይቆጣጠራል።

ባክቴሪያውን ከራሳችን ሕዋስ እንዴት ይለዩታል?

በኤሌክትሪክ ሙል ነው የሚጀምረው። አብዛኞቹ ፔፕታይዶች ላይሲንና አርጂኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ስለሚበዙባቸው አዎንታዊ ሙል አላቸው። የባክቴሪያ ውጫዊ ገጽ ደግሞ አሉታዊ ነው፤ ይህን ሙል የሚሰጡት ፎስፋቲዲልግሊሴሮልና ካርዲዮሊፒን የተባሉት ቅባቶች፣ እንዲሁም በላያቸው ያሉት ሊፖፖሊሳካራይድና ቴይኮይክ አሲድ ናቸው። የእኛ ሕዋሳት ሽፋን ውጫዊ ገጽ በአብዛኛው ገለልተኛ በሆኑ ቅባቶች የተሞላ ነው። በዚያ ላይ ኮሌስትሮል አለበት፤ ኮሌስትሮል ሽፋኑን አጥብቆ ስለሚይዝ ፔፕታይዶቹ በቀላሉ ሰርስረው አይገቡም። ስለ ኮሌስትሮል ክፉውን ብቻ ለምንሰማ ሰዎች ይህ መታወቅ ያለበት ነው።

ልየታው ግን ፍጹም አይደለም። መጠናቸው እጅግ ሲበዛ የራሳችንን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈነዱ ፔፕታይዶች አሉ።

ሽፋኑ ላይ ከደረሱ በኋላ ምን ይከሰታል?

ብዙዎቹ በውሃ ውስጥ ሳሉ ቋሚ ቅርጽ የላቸውም፤ ሰንሰለቱ ልል ሆኖ ይንሳፈፋል። ቅርጽ የሚሰጣቸው የባክቴሪያው ሽፋን ራሱ ነው። ሽፋኑን ሲነኩ ይጠመዘዙና አንዱ ጎናቸው ውሃን የሚወድ፣ ሌላው ጎናቸው ውሃን የሚሸሽ ይሆናል። ውሃን የሚሸሸው ጎን ወደ ቅባቱ ይሰምጣል፤ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ጎን ከላይ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ፔፕታይዱ ሽፋኑ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ባክቴሪያውም ገና በሕይወት አለ።

ወሳኙ ነገር ቁጥር ነው። በሽፋኑ ላይ የተኙት ፔፕታይዶች ከቅባቶቹ አንጻር ያላቸው መጠን ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ሽፋኑ ይወጠራል፣ ይሳሳል፣ ፔፕታይዶቹም በጎናቸው ከመተኛት ተነሥተው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይለያያል። ከፈንገስ የሚገኘው አላሜቲሲን ጎን ለጎን ቆሞ በራሱ አካል የታጠረ ቀዳዳ ይሠራል። ማጋይኒን ግን ቅባቶቹን አብሯቸው ወደ ውስጥ ያጥፋቸዋል፤ የቀዳዳው ግድግዳ ከፔፕታይዱም ከቅባቱም የተሠራ ይሆናል። ሌሎች ደግሞ ሽፋኑን ከላይ በብዛት ከሸፈኑት በኋላ እንደ ሳሙና ቆራርሰው ይበትኑታል።

የመማሪያ መጻሕፍት እነዚህን ሦስት የተለያዩ ንጹሕ ሥዕሎች አድርገው ያቀርቧቸዋል። ተማሪዎችም ሦስት ዓይነት ፔፕታይድ ያለ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን አንዱ ፔፕታይድ ራሱ እንደ መጠኑና እንደ ሽፋኑ ቅባት ዓይነት ከአንዱ አሠራር ወደ ሌላው ሊሄድ መቻሉ ነው።

ስለ ኤልኤል-37 ብዙ ይወራል። ምን የተለየ ነገር አለው?

ካቴሊሲዲን ከሚባለው የፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይዶች ቤተሰብ ሰው ያለው እርሱን ብቻ ነው። 37 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሉሲን ናቸው፤ አጠቃላይ የኤሌክትሪክ ሙሉም አዎንታዊ 6 ነው። በነጭ የደም ሕዋሳት፣ በቆዳ፣ በሳንባ መተላለፊያዎች፣ በላብና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ይገኛል። ባክቴሪያ ከመግደል በተጨማሪ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳትን ወደ ቁስሉ ይጠራል፤ ቁስል እንዲሽርም ይረዳል።

የመገጣጠሙ ታሪክ የሚጀምረው ከሚወጣበት ረጅም ፕሮቲን፣ ከእናት ፕሮቲኑ፣ ገና ሳይቆረጥ ነው። ኒውትሮፊል በሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚቀመጠው እናት ፕሮቲኑ ነው። እርሱን የሚቆርጠው ፕሮቲኔዝ-3 የተባለው ኢንዛይም ደግሞ በዚያው ሕዋስ ውስጥ በሌላ ከረጢት ተለይቶ ይቀመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት ሕዋሱ ይዘቱን ወደ ውጭ ሲለቅ ነው። ስለዚህ ንቁ የሆነው ፔፕታይድ የሚወለደው አደጋው ባለበት ቦታ፣ አደጋው ባለበት ሰዓት ነው።

ከተቆረጠ በኋላ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ልል ሆኖ ይቆያል። በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ እንደ ባይካርቦኔት ያሉ አሉታዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ሲኖሩ፣ ወይም የባክቴሪያ ሽፋን ሲያገኝ ይጠመዘዛል። ጥምዝምዙ ሲበረታ ፀረ ባክቴሪያ ጉልበቱም ይበረታል። ከዚያ ሁለት ሁለት፣ አራት አራት እየሆነ ይሰባሰባል። በ2020 በሃይፋ በሚገኘው ቴክኒዮን ይጻቅ ኤንገልበርግና ሜይታል ላንዳው ዋነኛውን ክፍሉን፣ ማለትም ከ17ኛው እስከ 29ኛው አሚኖ አሲድ ያለውን፣ በኤክስሬይ መርምረው ጥምዝምዞቹ ጥቅጥቅ ብለው እየተደራረቡ ክር እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት «የፕሮቲን ክር» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ዝርግ ንጣፍ ክሮች ይሄድ ነበር፤ ይህ ግን ከጥምዝምዞች የተገነባ ነው።

ባክቴሪያ ሳይገድል የሚከላከል ፔፕታይድ አለ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ በእኔ ዓይን የዚህ መስክ እጅግ ውብ ግኝትም እርሱ ነው።

በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ በጉድጓዶቹ ወለል ላይ ፓኔት የሚባሉ ሕዋሳት ተቀምጠዋል። እነዚህ ሕዋሳት ሁለት ዴፈንሲኖችን ያመርታሉ፤ አልፋ ዴፈንሲን 5ና አልፋ ዴፈንሲን 6። ሁለቱም 32 አሚኖ አሲዶች አሏቸው፤ ሁለቱም በሦስት የድኝ ትስስሮች የተቆለፉ ናቸው። 5ኛው ባክቴሪያን በመግደል የታወቀ ነው። 6ኛው ግን በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ባክቴሪያዎቹን እምብዛም አይገድላቸውም። በዚህ የተነሣ ተፈጥሮ ለምን እንዳስቀመጠችው ለረጅም ጊዜ ግራ አጋብቶ ነበር።

መልሱ በ2012 ታተመ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኘው የቻርልስ ቤቪንስ ቡድንና ተባባሪዎቹ የሰውን አልፋ ዴፈንሲን 6 እንዲያመርቱ የተደረጉ አይጦችን ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አበሏቸው። አይጦቹ ከሌሎቹ በተሻለ ተቋቋሙት። በአንጀታቸው ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ቁጥር ግን ያን ያህል አልቀነሰም፤ የቀነሰው የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ወደ ውስጥ የገባው ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያዎቹ በቀጫጭን ክሮች ተተብትበው ተገኙ።

አካሄዱ ደረጃ በደረጃ ነው። ጥቂት የፔፕታይዱ ሞለኪውሎች በባክቴሪያው ገጽ ላይ ያሉትን ፕሮቲኖች፣ በተለይም የሚዋኝበትን ጅራትና የሚጣበቅበትን ፀጉር መሰል ክፍል ይይዛሉ። ሌሎች ሞለኪውሎች በእነርሱ ላይ ይቀጠላሉ። ሁለቱ ይጣመራሉ፣ ጥንዶቹ ከሌሎች ጥንዶች ጋር ይያያዛሉ፣ ክሩ ይረዝማል፣ ክሮቹም ተጠላልፈው መረብ ይሆናሉ። ጅራቱ የታሰረ ባክቴሪያ አይዋኝም፤ ወደ ግድግዳው መጠጋትም ያቅተዋል፤ በአንጀት እንቅስቃሴ ተጠርጎ ይሄዳል። በሰንሰለቱ ውስጥ ሁለተኛው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፌኒልአላኒን፣ በአላኒን ብቻ ቢተካ መረቡ አይሠራም፤ መከላከያውም አብሮ ይጠፋል። ከ32 አንዱን መለወጥ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ይህ ፔፕታይድ ለዓመታት ደካማ ተብሎ የቆየው መለኪያው አንድ ብቻ ስለነበረ ነው። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «ስንት ገደለ?» ብሎ ነበር።

መረቡ ታዲያ በራሳችን ሕዋስ ውስጥ ለምን አይዘረጋም?

ፓኔት ሕዋሳት አልፋ ዴፈንሲን 6ን የሚያስቀምጡት ባለ 81 አሚኖ አሲድ ሆኖ ነው። ተጨማሪው ክፍል ሰይፉን የያዘ አፎት ነው፤ እርሱ እስካለ ድረስ ሞለኪውሎቹ አይያያዙም። ሕዋሱ ይዘቱን ወደ አንጀት ሲለቅ ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ተጨማሪውን ክፍል ቆርጦ ይጥለዋል፤ መገጣጠሙም ወዲያው ይጀምራል። ይህን በ2016 ያሳዩት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሊዛቤት ኖላን ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው የኤልኤል-37 በሁለት ከረጢት መቀመጥም ዓላማው ያው ነው። ሰውነት እነዚህን መሣሪያዎች ያልተገጣጠሙ ሆነው ያከማቻቸዋል።

በላባችንስ ውስጥ አሉ?

አሉ። በ2001 በጀርመን ቱቢንገን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በላብ እጢዎች ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመረተውን ዴርምሲዲን አሳወቁ። እርሱም 110 አሚኖ አሲዶች ካሉት ፕሮቲን ተቆርጦ የሚወጣ ሲሆን በላብ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቅርጹ 48 አሚኖ አሲዶች አሉት። የሚያስገርመው የኤሌክትሪክ ሙሉ አሉታዊ መሆኑ ነው። ከላይ የተናገርነው የመሳሳብ ሕግ ታዲያ እንዴት ይሆናል?

ክፍተቱን የሚሞላው ዚንክ ነው። በ2013 የታተመ የክሪስታል ጥናት ስድስት የዴርምሲዲን ጥምዝምዞች በዚንክ አማካይነት ተያይዘው 8 ናኖሜትር ገደማ የሚረዝም ቦይ እንደሚሠሩ አሳየ። ቦዩ በባክቴሪያው ሽፋን ውስጥ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ በውስጡም ቅንጣቶች ይፈሳሉ፣ ባክቴሪያው ጠብቆ ያቆየው የኤሌክትሪክ ሚዛን ይናጋል። ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። አቶፒክ ደርማታይቲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላብ ውስጥ የዴርምሲዲን መጠን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ቆዳቸው በባክቴሪያ ቶሎ የሚጠቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

የተገጣጠመው መዋቅር ራሳችንን ሊጎዳ ይችላል?

ይችላል፤ አደጋው የሚመጣው በተለይ ከተሳሳተ ተባባሪ ጋር ሲገጣጠሙ ነው። ኤልኤል-37 አዎንታዊ ስለሆነ አሉታዊ ሙል ያለው ነገር ሁሉ ይስበዋል። ከእነዚህም አንዱ ከሞቱ ሕዋሳት የሚፈስ የራሳችን ዲኤንኤ ነው። በተለመደው ሁኔታ እንዲህ ያለ ዲኤንኤ ቶሎ ይወገዳል፤ ሰውነትም አይቆጣም። በ2007 የታተመ ጥናት ግን ሶሪያሲስ በተባለው የቆዳ በሽታ ኤልኤል-37 ከራስ ዲኤንኤ ጋር ተያይዞ የመከላከያ ሕዋሳትን እንደሚቀሰቅስ አሳየ። ሕዋሳቱ የራሳቸውን ዲኤንኤ የወራሪ ያህል ይቆጥሩታል።

በዚህም ውስጥ የመዋቅር ጉዳይ አለ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጄራርድ ዎንግ ቡድን በ2015 እንዳሳየው ፔፕታይዱ የዲኤንኤ ዘንጎችን በተወሰነ ርቀት ይደረድራቸዋል። ርቀቱ በመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ዲኤንኤን ለይቶ ለሚያውቀው ቲኤልአር-9 ለተባለው ተቀባይ የሚስማማ ሲሆን ብዙ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ይያዛሉ፤ ቁጣውም ይበረታል። ርቀቱ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ምላሹ ይዳከማል። ሮዜሺያ በተባለው የፊት ቆዳ መቅላት ደግሞ ችግሩ ከአቆራረጡ ይመጣል፤ ቆራጩ ኢንዛይም ከመጠን በላይ ስለሚበዛ ያልተለመዱ የፔፕታይድ ቁራጮች ይመረታሉ።

ተቃራኒውም ጉዳት አለው። ሞርበስ ኮስትማን በተባለው ብርቅ የደም በሽታ የተያዙ ሰዎች ኤልኤል-37 ይጎድላቸዋል፤ የነጭ ደም ሕዋሳቸው ቁጥር በሕክምና ቢስተካከልም ከባድ የድድ በሽታ ሲያሠቃያቸው ይታያል።

ከአልዛይመር ጋር ግንኙነት አላቸው?

በአልዛይመር ሕሙማን አእምሮ ውስጥ የሚከማቸው አሚሎይድ ቤታም እየተገጣጠመ ክር የሚሠራ ፔፕታይድ ነው። በ2010 ሩዶልፍ ታንዚና ሮበርት ሞይር ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህ ፔፕታይድ በቤተ ሙከራ ባክቴሪያና ፈንገስ እንደሚገድል አሳዩ፤ በ2016 ደግሞ በአይጥና በትል ላይ ከኢንፌክሽን እንደሚከላከል አሳወቁ። ከዚህ ተነሥተው አሚሎይድ ቤታ የአእምሮ መከላከያ አካል ሳይሆን አይቀርም የሚል መላ ምት አቀረቡ። መላ ምቱ አከራካሪ ነው፤ አልዛይመር በኢንፌክሽን ይመጣል የሚል ማረጋገጫም አይደለም። ይህን የምለው ጉዳዩ በየቦታው ተጋንኖ ሲቀርብ ስለማይና ሕሙማን የሚያስታምሙ ቤተሰቦች በከንቱ እንዳይጨነቁ ስለምፈልግ ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን ሁሉ እንዴት ያዩታል?

በአንድ መሣሪያ አይታይም። ፔፕታይዱ ጥምዝምዝ ይሁን ልል የሚለየው በልዩ ብርሃን ነው። የእያንዳንዱን አቶም ቦታ ለማወቅ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ያሳልፋሉ፣ ወይም በማግኔት የሚሠራውን የኤንኤምአር ዘዴ ይጠቀማሉ። መረቡንና ክሩን ደግሞ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያሳያል። ሁሉም የየራሱ ጉድለት አለው፤ ክሪስታል ውስጥ የታየ ቅርጽ በሕያው ባክቴሪያ ላይ ያለው መሆኑ በሌላ ዘዴ መረጋገጥ ይኖርበታል። ለዚህ ነው ከላይ ባሉት ታሪኮች ክሪስታሉ፣ ማይክሮስኮፑና አይጡ አብረው የሚነሡት።

ባክቴሪያዎች አይላመዷቸውም?

ይሞክራሉ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በሽፋኑ ቅባት ላይ ላይሲን፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ አላኒን እየጨመረ አሉታዊ ሙሉን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ፔፕታይዱ የሚሳብበት ነገር ያጣል። ኤልኤል-37ን የሚቆራርጥ ኢንዛይምም ይለቃል። ሳልሞኔላ የፔፕታይዶቹን መኖር የሚያውቅበት ጠቋሚ አለው፤ ሲያውቅ የውጭ ሽፋኑን ይለውጣል። የተቅማጥ በሽታ አምጪው ሺጌላ በበኩሉ የአንጀት ሕዋሳት ኤልኤል-37 ማምረታቸውን እንዲቀንሱ ያደርጋል፤ ይህ በ2001 በታተመ፣ በባንግላዲሽ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ፔፕታይዶች ለሚሊዮኖች ዓመታት ሥራ ላይ ውለው እስከ ዛሬ ዋጋቸውን አላጡም። ሽፋንን በሙሉ መለወጥ አንድ ዒላማ ፕሮቲንን ከመለወጥ ይልቅ ለባክቴሪያው ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ ሰውነት ብዙ ዓይነት ፔፕታይዶችን በአንድነት ይለቃል።

ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆኑ ለምን በየፋርማሲው አናገኛቸውም?

ዘመዶቻቸውን እናገኛለን። ከባክቴሪያ የሚገኙት ኮሊስቲንና ዳፕቶማይሲን ፔፕታይድን መሠረት ያደረጉ መድኃኒቶች ናቸው። በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደው ዳፕቶማይሲን ካልሲየም ሲያገኝ በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ይሰባሰባል፤ ያለ ካልሲየም አይሠራም። የመገጣጠም ጉዳይ እዚህም አለ።

ከእንስሳት መከላከያ ፔፕታይዶች በቀጥታ የተቀዱት ግን ብዙ መሰናክል ገጥሟቸዋል። ከማጋይኒን ተሻሽሎ የተሠራው ፔክሲጋናን ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ታስቦ እስከ መጨረሻው የሙከራ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ በ1999 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሳይፈቅደው ቀረ። በደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ፔፕታይዶችን ቶሎ ይቆራርጧቸዋል፤ የደም ፕሮቲኖች ይይዟቸዋል፤ ምርታቸው ውድ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር የራሳችንን ሕዋስ ይጎዳሉ። አሁን ብዙ ተመራማሪዎች መገጣጠሙን ራሱን መቅረጽ ይዘዋል። ተፈላጊው ቦታ እስኪደርሱ ነጠላ ሆነው የሚቆዩ፣ እዚያ ሲደርሱ የሚሰባሰቡ ፔፕታይዶችን ይነድፋሉ። ሰውነት በአፎትና በከረጢት የሚያደርገውን ማለት ነው። ይህ መንገድ ተስፋ እንዳለው አምናለሁ።

ቫይታሚን ዲ ምርታቸውን ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው? ለቲቢስ?

የኤልኤል-37 ዘረ መል በቫይታሚን ዲ ይታዘዛል፤ ይህ ከ2004 ጀምሮ በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2006 የታተመ ጥናት የሰው የመከላከያ ሕዋሳት የቲቢን ባክቴሪያ ሲያውቁ ቫይታሚን ዲን ተጠቅመው ኤልኤል-37 እንደሚያመርቱ አሳይቷል።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። በኢትዮጵያ በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2018 የታተመ ሙከራ አለ። ከሕሙማኑ ከፊሎቹ ከመደበኛው የቲቢ መድኃኒት ጋር ቫይታሚን ዲ3ና የኤልኤል-37ን ምርት የሚያነሣሣውን ፌኒልቡቲሬት በየቀኑ ወሰዱ። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ሲጀምሩ የቫይታሚን ዲ መጠናቸው ዝቅተኛ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ቫይታሚኑንና ፌኒልቡቲሬቱን የወሰዱት ሰዎች የሕመም ምልክቶች ምንም መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ከወሰዱት በተሻለ ቀነሱ። ባክቴሪያው ከአክታ የሚጠፋበት ፍጥነት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ፀሐይ በሞላበት አገር የቫይታሚን ዲ እጥረት መገኘቱ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ይህ ውጤት የቲቢ መድኃኒትን በቫይታሚን መተካት ይቻላል ማለት ጨርሶ አይደለም። ሕሙማኑ ሁሉ መደበኛ መድኃኒታቸውን ሙሉ በሙሉ ወስደዋል።

ኤልኤል-37 በኢንተርኔት ሲሸጥ አይቻለሁ። ገዝቼ ብወስድስ?

እባክዎ አይውሰዱ። «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት የሚሸጠው ፔፕታይድ ለሰው ሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም። ቢውጡት በጨጓራና በአንጀት ኢንዛይሞች ተቆራርጦ እንደ ማንኛውም የምግብ ፕሮቲን ይፈጫል። በመርፌ ቢወስዱት ደግሞ የከፋ ነው። ሰውነት በሁለት ከረጢት ለይቶ የሚጠብቀውን ነገር ያለ ምንም ቁጥጥር በደም ውስጥ መልቀቅ ይሆናል። ንጽሕናውን ያረጋገጠ አካል የለም፤ የሶሪያሲስ ወይም የሮዜሺያ ዝንባሌ ያለው ሰው ሕመሙ ሊባባስበት ይችላል። የሚያመረቅዝ ቁስል ወይም ተመላላሽ ኢንፌክሽን ካለብዎ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የቫይታሚን ዲ መጠንዎን ማወቅ ከፈለጉም የደም ምርመራ እዚያው ይጠይቁ።